ጋሽ ያድጋል እና የአራት ጣት እጥፋት

የምናከብራችሁ ቤተሰቦች፣ ጎረቤቶች፣ የሥራ ባልደረቦችና ወዳጆች፤

አብዛኞቻችሁ በቅጽል ስማቸው ጋሽ ያድጋል እያላችሁ የምትጠሯቸው አባታችን፣ ከአናጢው አባታቸውና ከዳቦ ጋጋሪዋ እናታቸው በሐምሌ ወር 1938 ዓ.ም. ከዳቦ ቤቱ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ተወለዱ። ለወላጆቻቸው ሦስተኛ ልጅ ነበሩ። አያታችን «ሲወለድ ከአንድ ዳቦ አይከብድም ነበር» እያሉ ያጫውቱን ነበር፤ አባታችን ደግሞ ይህ ወሬ በተነሣ ቁጥር «ዳቦው ነው ትልቅ የነበረው» ብለው ይከራከሩ ነበር። ይህን ታሪክ የጻፍኩት የመጀመሪያ ልጃቸው ነኝ። ወንድሜና እህቶቼ አሳጥሪው ብለውኛል። አላሳጥርም፤ አባታችን አሳጥረው የሰፉት ነገር የለም።

አባታችን በ1945 ዓ.ም. ትምህርት ቤት ገቡ። ጎበዝ ተማሪ ነበሩ፤ በተለይ በሒሳብ የሚስተካከላቸው አልነበረም። አራተኛ ክፍል ሳሉ እናታቸው ከነጭ የዱቄት ከረጢት ሸሚዝ ሰፉላቸው። ጨርቅ እንዳይባክን ብለው በልካቸው ልክክ አድርገው ነበር የሰፉት፤ ልጅ ደግሞ ባለበት አይቆይም። ሁለተኛው መንፈቅ ላይ መምህሩ ሰባት ጊዜ ስምንት ስንት ነው ብለው ሲጠይቁ፣ አባታችን ከሁሉ ቀድመው እጃቸውን ሽቅብ ላኩ። ሸሚዙ ከብብት እስከ ወገብ ተተረተረ። ክፍሉ በሙሉ አውካካ፤ መምህሩም አልቀሩም። ከዚያን ቀን ጀምሮ መልሱን እያወቁ እጃቸውን አላነሡም፤ ስምንተኛ ክፍልን እንደጨረሱም ትምህርቱን ተዉት። ሰባ ዓመት ካለፋቸው በኋላ እንኳ «ሃምሳ ስድስት ነበር» ይሉ ነበር፤ «መልሱ ልክ ነበር፣ ሸሚዙ ነው የጠበበው።» ሲሉት ይስቃሉ። እኛ ግን ነገሩ ሆዳቸው ውስጥ እንደቀረ እናውቃለን፤ በኋላ ለልጆቻቸው የሰፉት ሁሉ ከዚያች ሸሚዝ የመጣ ነውና።

በ1953 ዓ.ም. የመኪና ወንበር ከሚያለብሱ አንድ ሽማግሌ ዘንድ ገብተው ሙያውን ተማሩ። በ1957 ዓ.ም. በአውቶቡስ ድርጅት የወንበር ስፌት ክፍል ተቀጥረው፣ በ1993 ዓ.ም. በጡረታ እስኪገለሉ ድረስ ከዚያች ክፍል አልተነቃነቁም። ክፍሏ ከጋራዡ በላይ ስለሆነች በመስኮቷ የሚታየው የአውቶቡስ ጣሪያ ብቻ ነው። ረጅም ጠረጴዛ፣ ሦስት ከባድ የስፌት መኪና፣ ጥግ ላይ የስፖንጅ ክምር ነበራት፤ የማስቲሹ ሽታ ገና ደረጃው ላይ ይቀበላል። አባታችን እያንዳንዱን ስፌት ሁለት ጊዜ ይሄዱበት ነበር። አለቆቻቸው ክር ይባክናል ሲሏቸው፣ «ሰው የሚቀመጠው ደክሞት ነው፤ የደከመው ሰው ላይ ስፌት አይፈታም» ብለው ይመልሱ ነበር። ከበሩ በላይ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የምትለዋን አባባል በጠመኔ ጽፈዋት ነበር። የጽዳት ሠራተኛዋ ስትወለውላት መልሰው ይጽፏታል፤ ሁለቱ በዚህ ጉዳይ ሳይታረቁ አብረው ጡረታ ወጡ።

በ1961 ዓ.ም. አባታችን የዘገየ ጨርቅ ለማፈላለግ ወደ ስልክ ቤት ሄዱ። መስመር እስኪገኝ ሲጠብቁ፣ መስመር የምታገናኘዋ ወጣት ወንበሯ ላይ ሹራብ አጣጥፋ እንደተቀመጠች አዩ፤ የወንበሩ ስፖንጅ አልቆ ሽቦው ይወጋ ነበር። በማግስቱ መርፌ፣ ስፖንጅና ጨርቅ ይዘው ከተፍ አሉ። የአንዷን ብቻ ቢያድሱ ሐሜት ይሆናል ብለው የኦፕሬተሮቹን ወንበር ሁሉ ተራ በተራ አደሱ፤ የእሷን ግን መጨረሻ ላይ አደረጉት። እናታችን እስከ ዛሬ «የሌሎቹ በሁለት ቀን አለቀ፣ የእኔ ሳምንት ፈጀ፤ ምን ሲሠራ እንደነበረ አንድዬ ይወቅ» ይላሉ። በ1962 ዓ.ም. ተጋቡ። እናታችን በሥራቸው ቀኑን ሙሉ ሲያወሩ ይውላሉ፣ ቤት ገብተውም ይቀጥላሉ፤ አባታችን ደግሞ መርፌ በከንፈራቸው ይዘው ያዳምጣሉ። እንግዲህ ትዳራቸው እንዲህ ሆኖ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ጸና።

እኔ በ1964፣ ወንድሜ በ1966፣ መካከለኛዋ እህታችን በ1969 ዓ.ም. ተወለድን። ድርጅቱ ከወንበር የተረፈውን ጨርቅ ለሠራተኞቹ ያድል ነበር፤ ሰማያዊ ሆኖ ቀጭን ቀይ መስመር ያለው ወፍራም ጨርቅ ነው። አባታችን ልጆቻቸውን ያለበሱት ከዚህ ነው። እስቲ አስቡት፣ ሕፃን ልጅ በአውቶቡስ ወንበር! ቀሚሴን አውልቄ መሬት ላይ ሳስቀምጠው ራሱን ችሎ ይቆም ነበር። አንገታችንን እንዳይቧጥጠን እናታችን ያረጀ ሻርፓቸውን እየቀደዱ ኮሌታውን ከውስጥ ያስለብሱት ነበር። ከሱቅ ስንት ልብስ ገዝቻለሁ፤ አንገቴ ላይ እንደዚያ የተመቸኝ አንድም የለም። በሕይወቴ ሁሉ የናፈቀኝ ልብስ ቢኖር እሱ ነው።

አባታችን እኛን ሲለኩ ሜትር አይዙም። ከበሩ መቃን ጋር አስጠግተው ያቆሙንና ትከሻችንን፣ ወገባችንን፣ ጉልበታችንን በጠመኔ እንጨቱ ላይ ምልክት ያደርጋሉ። ልብሱ ሲያልቅ ፈተናው አንድ ነው፤ «ሁለት እጅ ወደ ላይ!» እጃችንን ጣሪያ የምንነካ ይመስል እንዘረጋለን። እሳቸው ተንበርክከው ብብታችን ሥር ያያሉ። ትንሽ ከሳበ «አልሆነም» ብለው ይፈቱታል። እጃችንን ስናነሣ የማይስበን ልብስ እስኪሆን ድረስ ከቤት አንወጣበትም ነበር።

ከሁሉም ልብስ ሥር፣ ወደ ውስጥ የታጠፈ አራት ጣት ትርፍ ጨርቅ ነበረ። በየዓመቱ ትምህርት ሊከፈት ሲል እናታችን እጥፋቱን በምላጭ ይተረትሩታል፣ አባታችን ዝቅ አድርገው ይሰፉታል። ፀሐይ ያልነካው ጨርቅ ከሌላው ደመቅ ብሎ ስለሚታይ፣ ቀሚሳችንን ያየ ሰው ስንት ዓመት እንደለበስነው ከመስመሩ ይቆጥራል። ልብሱ አዲስ በነበረ ጊዜ ግን ጉድ ነው፤ እጅጌው ጣታችንን ይውጣል፣ ቀሚሱ መንገድ ይጠርጋል። ጎረቤት «ምነው፣ ልጁን ልብሱ በላውኮ!» ሲላቸው አባታችን ረጋ ብለው «ያድጋል» ይላሉ። ሌላው ሲጠይቅም «ያድጋል።» ስማቸው በዚያው ቀረ። ጋሽ ያድጋል የተባሉት በልጆች ልብስ ብቻም አይደለም። የምግብ ጠረጴዛችንን ሦስት ሆነን ሳለን ለአሥር ሰው አሠሩት፤ የራሳቸውን ጫማ ሃምሳ ዓመት ካለፋቸው በኋላም አንድ ቁጥር ጨምረው ይገዙ ነበር። እናታችን «አንተ ደግሞ ወዴት ልታድግ ነው?» ሲሏቸው ክራቸውን መርፌ ውስጥ ያስገባሉ።

ወንድሜ ይህን እንዳላነብ ለምኖኛል፤ አነባለሁ። ቁምጣው ከወንበሩ ጨርቅ ጋር አንድ ስለነበረ፣ አንድ ቀን አውቶቡስ ላይ ተቀምጦ ሳለ ትኬት ቆራጯ «ወንበሩን ለብሰኸው ነው ወይስ ወንበሩ አንተን ለብሶህ ነው?» ብላ ተሳፋሪውን ሁሉ አሳቀችበት። እያለቀሰ ቤት ሲገባ አባታችን አቅፈውት፣ «እጅህን ስታነሣ ይስብሃል?» አሉት። አይስበኝም አለ። «እንግዲያው ይሳቁ፤ አንተ መልስህን መልስ» አሉት። ወንድሜ ዛሬ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ወንበር ሳይዳብስ መኪና አያስነሣም።

በ1979 ዓ.ም. ማንም ሳይጠብቃት የመጨረሻዋ ልጃቸው ተወለደች። ሚጢጢ አልናት። አሁን የጥርስ ሐኪም ሆናም ሚጢጢ ናት። ለአባታችን የዓይናቸው ብሌን ነበረች። ነገር ግን ጉዱ የመጣው ከሙያቸው ነው፤ ሁለት ጊዜ የተሰፋው ልብስ አልቀደድ አለ። የእኔ ቀሚስ ለመካከለኛዋ፣ የመካከለኛዋ ለሚጢጢ ሲተላለፍ፣ የተፈታው እጥፋት ተመልሶ ይታጠፋል እንጂ አዲስ የሚቆረጥ ጨርቅ የለም። እናታችን «ለሕፃኗም አንድ ስፋላት እንጂ» ሲሉ፣ አባታችን ልብሱን ጎተት ጎተት አድርገው «ይሄ ምን ሆነ? አዲስ አይደል እንዴ?» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ አዲስ ነበር። ሚጢጢ ከፍ ስትል የተዘጋጀ ልብስ በየሱቁ ሞላ። የቤታችን የስፌት መኪናም ክዳኗ ተገጥሞ የቴሌቪዥን ማስቀመጫ ሆነች።

እንግዲህ ሚጢጢ በር መቃን ላይ ሳትለካ አደገች። በእንጨቱ ላይ የሦስታችን ጠመኔ በሦስት ቁመት ይታያል፣ የእሷ የለም። እኛ ተሰብስበን ስለዚያ ልብስ ማውራት ስንጀምር እሷ ሰሃን ልታጥብ ትነሣለች። አንድ ጊዜም «የሁላችሁን ለብሻለሁ፤ ለእኔ ተብሎ የተሰፋ ግን ምን እንደሚመስል አላውቀውም» ብላኛለች። ቤቱ ሁሉ ያውቅ ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንደሚባለው፣ ያልሰሙት አባታችን ብቻ ነበሩ።

በ2012 ዓ.ም. የጋብቻቸውን ሃምሳኛ ዓመት ምሳ በመብላት አከበርን። ያ ለአሥር ሰው የተሠራ ጠረጴዛ በልጅና በልጅ ልጅ ሞልቶ ወንበር ጠፋ፤ አባታችን ምን ያህል እንደኮሩ መናገር አይቻልም። ወንድሜ ሦስታችን በሰማያዊ ልብስ ተደርድረን የተነሣነውን ፎቶ አወጣና ሳቅ በሳቅ ሆንን። አባታችን ፎቶውን እያዩ ሳይጠረጥሩ፣ «የሚጢጢስ የታለ?» አሉ። እሷም እንደ ቀልድ አድርጋ፣ «ለእኔ መች ሰፋህልኝና አባዬ» አለች። ማንም አልሳቀም። አባታችን ማንኪያቸውን አስቀምጠው ወደ ጓዳ ገቡ። ከፋቸው ብለን ስንጨነቅ ጠመኔ ይዘው ተመለሱ። «ነይ፣ በሩ ጋ ቁሚ» አሏት። ሠላሳ ሦስት ዓመቷ ነበር፣ የልጅ እናት ናት። በሥራዋ የሰው አፍ የምታስከፍተው እህታችን ያን ቀን አፏ ተዘግቶ በር መቃን ላይ ቆመች። በቁመት በልጣቸው ስለነበር አባታችን ወንበር ላይ ወጥተው ትከሻዋን ምልክት አደረጉ።

ቴሌቪዥኑ ከመኪናዋ ላይ ወረደ። እናታችን «ድራማዬ መሬት ወረደ!» ብለው አጉረመረሙ፣ ግን መርፌውን ሁሉ ጊዜ ክር የሚያስገቡላቸው እሳቸው ነበሩ፤ የአባታችን ዓይን ደክሞ ነበርና። ጨርቁም አልጠፋም። ጡረታ ሲወጡ ባልደረቦቻቸው የዚያን ሰማያዊ ጨርቅ የመጨረሻ ጥቅል ሸልመዋቸው፣ አልጋ ሥር አስቀምጠውት ኖረዋል። ለምን እንዳስቀመጡት ያን ጊዜ ገባን ማለት አልችልም፤ ምናልባት እሳቸውም አያውቁት ይሆናል።

ቤተሰቡ ሁሉ አማካሪ ሆነባቸው። ትልቅ ሴት ናት፣ በልኳ ይሁን፣ እንደ ልጅነታችን አታስፋው አልናቸው። ከእኛም ዋናዋ መካሪ ዘመናዊ ነኝ ባይዋ መካከለኛዋ እህታችን ነበረች። አባታችን በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ምክር ሰምተው በልክ ቆረጡ። ወራት የፈጀው ቀሚስ ተለበሰ። «ሁለት እጅ ወደ ላይ!» አሉ። ሚጢጢ እጇን ስታነሣ ብብቷ ሥር ሳበ። አባታችን ቀሚሱን ተቀብለው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉና፣ «የእናቴን ሸሚዝ ደገምኩት» አሉ። ድምፃቸው ሲሰበር ያየነው ያን ቀን ብቻ ነው። ከዚያ ተቀምጠው ክሩን አንድ በአንድ ፈቱት፤ የቀረውን ጨርቅ አውጥተው ከአዲስ ቆረጡ።

በ2014 ዓ.ም. የአባታችን ልብ መድከም ጀመረ። እግራቸው ያብጣል፣ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፤ ሐኪሞች ዕረፍት አዘዙ። እሳቸው ትንሽ ይሰፋሉ፣ ትንሽ ይተኛሉ። ወንድሜ ቀሚሱን ልብስ ሰፊ ዘንድ ወስዶ ሊያስጨርሰው ጠየቃቸው። ወይ ፍንክች! «ያልሰፋሁላት እኔ ነኝ፤ ልብስ ሰፊው ምን አገባው?» አሉ። ሚጢጢ ራሷ እግራቸው ሥር ቁጭ ብላ፣ ይቅርብኝ አባዬ፣ አንተ ትበልጥብኛለህ ብላ ለመነች። «አንቺ ዝም በይ፣ የአንቺ ሥራ ማደግ ነው» አሏት። ሁላችንም የምንፈራው አንድ ነገር ነበር፤ ቀሚሱ ሳያልቅ እሳቸው እንዳያልቁ። እናታችን ለኮሌታው የሚሆን ሻርፕ ሲፈልጉ ያረጀ አላገኙም፤ አዲሱን ቀደዱት።

በ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር ሆስፒታል ሲገቡ ቀሚሱ ሁለት ቁልፍ ቀርቶት ነበር። በላስቲክ ከረጢት ይዘውት ገቡ። አንዱን ቁልፍ ትራስ ተደግፈው ተከሉት፤ ሁለተኛውን ለመትከል ሳምንት ፈጀባቸው። እናታችን ይህን ሲያዩ፣ «ልክ እንደ ወንበሬ» ብለው ሳቁም አለቀሱም።

ግንቦት 10 ቀን ሚጢጢ ቀሚሱን ለብሳ መጣች። አባታችን በዚያ ሰዓት መናገር አልቻሉም። አይተዋት ጣታቸውን ወደ ላይ ቀሰሩ። ነርሷ የተሰቀለው ግሉኮስ ዝቅ ብሎባቸው መስሏት ከፍ አደረገችው። ጣታቸው አልወረደም። መስኮት ይከፈት ተባለ፣ ተከፈተ፤ አሁንም አልወረደም። ወንድሜ ወደ ሰማይ እያመለከቱ ነው ብሎ እንባውን ለቀቀው። እናታችን ግን «እስቲ ዞር በሉ! እጅሽን አንሺ ነው የሚላት» አሉ። ሚጢጢ በዚያ ሁሉ በሽተኛና አስታማሚ ፊት ሁለት እጇን ሽቅብ ዘረጋች። አባታችን ብብቷ ሥር አተኩረው አዩ። አልሳበም። ጣታቸውን አውርደው ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ፊታቸው ላይ ያየሁት ደስታ የሥራ ደስታ ነው። በማግስቱ ግንቦት 11 ቀን 2015 ዓ.ም. ማለዳ ላይ፣ በተወለዱ በሰባ ስድስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

አባታችን ባለቤታቸውን፣ አራት ልጆቻቸውንና ሰባት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው አልፈዋል። ሌሊትና ቀን ላስታመሟቸው ሐኪሞችና ነርሶች፣ ዛሬም እንደ ቤታቸው ለመጡት የአውቶቡስ ድርጅት የቀድሞ ባልደረቦቻቸው፣ ለጎረቤቶቻችን ሁሉ ቤተሰቡ ከልብ ያመሰግናል። ጠረጴዛው ሰፊ ነውና ማንም ሳይገባ እንዳይሄድ።

አሁን ከመካከላችን ጥቁር ያልለበሰች አንዲት ሴት ታያላችሁ። ሰማያዊ ቀሚስ፣ ቀጭን ቀይ መስመር ያለው። ድፍረት እንዳይመስላችሁ፣ እናታችን ናቸው ልበሺው ያሏት። የሦስታችን እጥፋት በየዓመቱ እየተፈታ በልጅነታችን አልቋል፤ ከአባታችን የተሰጠንን ተጠቅመን ጨርሰነዋል። የሚጢጢ ግን ገና አልተነካም፤ ከቀሚሷ ሥር አራት ጣት ሙሉ እንደታጠፈ አለ። እናታችን ትናንት ሲተኩሱት አይተውት ምላጭ አላነሡም። ስትወጡ አጠገቧ ቆማችሁ ቀሚሱ ሰፋባት የምትሉ ካላችሁ፣ መልሱን ከባለቤቱ አፍ ስትሰሙት ኖራችኋል።

ፈጣሪ የአባታችንን ነፍስ እጃቸውን ያለ ሥጋት ከሚዘረጉ ደጋጎች ጋር ያኑርልን፤ እኛንም ለሰፉልን ልክ ያብቃን። አሜን።